ከነጋሪት እስከ ሞባይል፦ የመልእክት መንገድና ሥልጣን በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ሥፍራ የተቆረቆረች የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉት የሐይቁ ገዳማት ብራናን ከጦርነትና ከዝርፊያ ጠብቀው ለትውልድ ያቆዩ በመሆናቸው፣ አካባቢው ለጽሑፍ ቃል ያለው ክብር ከከተማዋ ዕድሜ በእጅጉ ይቀድማል።

በቀድሞው ሥርዓት አዋጅ የሚነገረው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ማስመታት የንጉሡና እርሱ የፈቀደላቸው ሹማምንት መብት ስለነበር፣ ሕዝቡ ቃሉን ከመስማቱ በፊት በድምፁ ብቻ የተናጋሪውን ሥልጣን ይለይ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ስሙን ከዚሁ ከበሮ ወርሷል፤ የክልሉ ሕጎች ደግሞ ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ዝክረ ሕግ በተባለው ጋዜጣ ይታወጃሉ። ስልክ ወደ አገሪቱ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

ለከተማዋ ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው በ1987 ዓ.ም. በኩር ጋዜጣ መታተም ስትጀምር ነው። ስሟ እንደሚናገረው በኩር ዛሬ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) የሚባለው ተቋም የመጀመሪያ ልጅ ስትሆን፣ ሬድዮና ቴሌቪዥን ተከትለዋታል። ተቋሙ ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጣናና በአፋን ኦሮሞም ይሠራል፤ እንደ አዊኛና ኽምጣና ያሉ በጽሑፍ እምብዛም ያልተስተናገዱ ቋንቋዎች ዜና የሚነገርባቸው መሆናቸው በራሱ ታላቅ ሥራ ነው። ባለቤቱ የክልሉ መንግሥት በመሆኑ ለገዥው ወገን ያደላል የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ሆኖም የገበሬውን ጉዳይ እንደ እርሱ አዘውትሮ ያሰማ ተቋም ማግኘት ያስቸግራል።

ሞባይል ሲስፋፋ ሥልጣን ከመናገር ይልቅ መሥመር በመዝጋት ይገለጥ ጀመር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት በመላ አገሪቱ ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆይቷል። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር በተካሄደው ሰልፍ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፍተው ሰዎች ሞተዋል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 30 አድርሶታል። የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በከተማዋ ሲገደሉ፣ መንግሥት ድርጊቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ብሎታል፤ ኢንተርኔትም በመላ አገሪቱ ተቋርጧል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር ተያይዞ ደግሞ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን የዕድር ጥሩንባ ነፊ ሥራውን አላቆመም። ገና ጎህ ሳይቀድ በየሰፈሩ እየዞረ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ቀጥሎም የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት በረጅሙ ይለፍፋል። ይህ ልፈፋ ኔትወርክም ሆነ የሹም ፈቃድ አያስፈልገውም። ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ የተሰበሰበው ጎረቤትም ስልኩ ያላደረሰለትን ወሬ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጠያየቃል፤ ከየት ሰማኸው፣ ማን ነገረህ እያለም ያጣራል።