ከሥዕሉ ሥር ያሉት ሁለት ስሞች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙ የቅኝ ግዛት ዘመቻ ሥዕሎች ሥር ብዙ ጊዜ ሁለት ስም አለ። ታዲያ ሠዓሊው የቱ ነው? አብዛኛውን ጊዜ በግራ ያለው፣ ቦታው ድረስ ሄዶ የነደፈው መኮንን ነው። በቀኝ ያለው ደግሞ ንድፉን ድንጋይ ላይ ገልብጦ የሣለው የሊቶግራፍ (ድንጋይ ላይ የተሣለን ሥዕል ወደ ወረቀት የማተም ዘዴ) ባለሙያ ነው።

የሌተናንት ጀምስ ራትሬይን የአፍጋኒስታን ሥዕሎች እንይ። እ.ኤ.አ. በ1848 ለንደን ታተሙ። በርካታዎቹን ድንጋይ ላይ የሠራቸው ግን ሮበርት ካሪክ ነው።

መኮንኖች ሥዕል የሚማሩት እንዲያው ለጌጥ አልነበረም። ካሜራ ሳይስፋፋ ገደሉን፣ መተላለፊያውንና ምሽጉን በእርሳስ መዝግቦ ማምጣት የውትድርና ሥራ ነበር። የእንግሊዙ የዉልዊች ጦር አካዳሚ የራሱ የሥዕል መምህር ነበረው። ህትመቱ ግን ለገበያ ነው፤ ባለሙያው ሰማዩን ሊያሳምር፣ ከፊት ሰው ሊጨምር ይችላል። የእርሳሱን ንድፍ ካገኛችሁ ከህትመቱ ጎን አድርጋችሁ አስተያዩት።