የዲኤንኤስ ሰርቨርን የሚጥል ክፍተት ምንድን ነው?

የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት) ሶፍትዌር ላይ የዶስ ክፍተት፣ ማለትም አገልግሎቱን ለማስቆም የሚያስችል ስህተት፣ ተገኘ በተባለ ቁጥር «ባንድዊድዝ ጨምሩ፣ አለቀ» የሚል አይጠፋም። ሰሞኑንም አንዱ ይህንኑ በልበ ሙሉነት ጽፎ አየሁ። ወዳጄ፣ አንተ የምታወራው ስለ ዲዶስ ነው፣ ከብዙ ኮምፒውተሮች በአንዴ ስለሚላክ የጥያቄ ጎርፍ። እዚህ የተገኘው ግን የፕሮግራሙ የራሱ ስህተት ነው። አንዳንዱን ለመጣል አንድ ፓኬት፣ በኔትወርክ የሚላክ አንድ ትንሽ የዳታ ጥቅል፣ ይበቃል።

የሕንጻ ዘበኛ አስብ። ሥራው «እንትን ቢሮ ስንተኛ ፎቅ ነው?» ላለው ሁሉ መመለስ ነው። ሺህ ሰው ከከበበው መላ ያጣል፤ ተጨማሪ ዘበኛ መቅጠር ያግዘዋል። ክፍተት የምንለው ግን አንድ ሰው ብቻውን መጥቶ አንድ ግራ የገባው ጥያቄ ሲጠይቀው፣ ዘበኛው ኮፍያውን ጥሎ ቤቱ ሲገባ ነው። አንድ ዓይነት ሥልጠና የወሰዱ አሥር ዘበኞች ብትቀጥር፣ አሥሩም በዚያው ጥያቄ ይሄዳሉ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ባይንድ 9 በሚባለው የዲኤንኤስ ሰርቨር ፕሮግራም ላይ የሆነው ይኸው ነው። በሚስጥር ቁልፍ ለመስማማት የሚላከውን፣ ቲኬይ የሚባለውን ጥያቄ አጣሞ የያዘ አንድ ፓኬት ሰርቨሩን ይዘጋው ነበር። የባይንድ መዳረሻ ገደብም አላዳነም፤ ስህተቱ ያለበት ኮድ «ይህ ሰው ይፈቀድለታል ወይ?» ከሚለው ፍተሻ በፊት ነው የሚሠራው። ደግሞ ፕሮግራሙ የተዘጋው ሆን ተብሎ ነው። መሆን የሌለበት ነገር ካየ፣ ተሳስቶ ከመቀጠል ሥራ እንዲያቆም ተደርጎ ተጽፏል። ይህን ልማድ እኔ አልነቅፍም። ወዲያው ቢነሣም ግን ፓኬቱ ተመልሶ ይመጣል። የላኪውን አይፒ ማገድም ብዙ አይረዳም፤ ዲኤንኤስ በብዛት በሚጠቀምበት የመላኪያ ዘዴ፣ በዩዲፒ፣ የላኪ አድራሻ በቀላሉ ይጭበረበራል።

ሁሌ ግን አይዘጋም። በፌብሩዋሪ 2024 ይፋ የሆነው ኪትራፕ የሚባል ክፍተት ዘበኛውን አላባረረውም። አንድ እቅፍ ቁልፍና አንድ እቅፍ ጓጉንቸር አስታቅፎ «የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ሞክር» አለው። ምስኪኑ ታማኝ ነው፣ ሁሉንም ይሞክራል። የዲኤንኤስ መልስ እንዳልተጭበረበረ በፊርማ የሚያረጋግጠው ደንብ፣ ዲኤንኤስሴክ፣ ፊርማና ቁልፍ እንዲህ እንዲያመሳክር ያዛላ! አጥኚዎቹ አንድ ፓኬት ባይንድን እስከ 16 ሰዓት ሊያስቆመው እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ የሚነካው ፊርማ የሚያረጋግጡትን ሪዞልቨሮች፣ ማለትም ለተጠቃሚው መልሱን ፈልገው የሚያመጡትን ሰርቨሮች ነው። ባይንድ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ የዲኤንኤስ ፕሮግራሞች አንባውንድና ፓወርዲኤንኤስም ነበሩበት፤ ችግሩ ሁሉም ከሚከተሉት የዲኤንኤስሴክ የደረጃ ሰነድ የመጣ ነውና።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ዳታ አልተሰረቀም። «ተጠለፉ» ብላችሁ አትጻፉ። የአንድ ድረ ገጽ የስም ሰርቨር ሲወድቅም ሁሉም እኩል አያየውም። መልሱ በየሪዞልቨሩ ካሽ፣ በጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ስለሚቆይ «እኔ ጋ ይከፍታል» የሚለውም እውነቱን ነው።

መፍትሔው ማደስ ነው። እዚህም ላይ ጣጣ አለ። የሊኑክስ አቅራቢዎቹ ዴቢያንና ሬድ ሃት ማስተካከያውን በድሮው የሥሪት ቁጥር ላይ ነው የሚጨምሩት። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «አላደስክም» ብሎ የሚከስህ ስካነር፣ ክፍተት ፈላጊ ፕሮግራም፣ ይመጣብሃል። የፓኬጁን የለውጥ መዝገብ አሳየው።