የከተማ ስታዲየም አሠራር፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ሲታይ

ስታዲየም በሰው እጅ የተሠራ ዳገት ነው። በመንዝም ሆነ በተጉለት የገና ጨዋታ ሲደረግ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተጫዋቾቹ ከሜዳው ላይ ጥንጓን ሲያሳድዱ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተዳፋቱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆች ከፊታቸው ይኮለኮላሉ፤ ዘግይቶ የመጣ ከኋላ ከፍ ብሎ ይቆማል። ቦታ የሚደለድል የለም። እያንዳንዱ ከፊቱ ያለው ራስ እስከማይጋርደው ድረስ ዳገቱን ይወጣና እዚያ ይረጋል። የስታዲየም መሐንዲስ በወረቀት ላይ የሚያሰላው ይህንኑ ነው።

ስሌቱ የሚጀምረው ከተመልካቹ ዓይን ነው። ከዓይኑ ተነስቶ ሜዳው ዳር እስካለው መስመር የሚዘረጋው የእይታ መስመር፣ ከፊት ከተቀመጠው ሰው ዓይን ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል? 9 ሴንቲ ሜትር ተቀባይነት ያለው፣ 12 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ጥሩ የሚባል ነው፤ ተመልካቹ ኮፍያ የሚያደርግ ከሆነ ወደ 15 ከፍ ማለት አለበት። ለምሳሌ ዓይኑ ከሜዳው 6 ሜትር ከፍ ያለ፣ ከመስመሩም 20 ሜትር የራቀ ሰው እንውሰድ። የእርከኑ ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚያገኘው ትርፍ ከፍታ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንገቱን እያዘመመ ይመለከታል። የእርከኑ ከፍታ 40 ቢደረግ ግን ትርፉ ከ15 ይበልጣል። በየእርከኑ የተጨመረችው 10 ሴንቲ ሜትር በ30 ረድፍ 3 ሜትር ትሆናለችና ወጪ አላት። ሕዝቡ ጋቢ ተከናንቦና ሻሽ ጠምጥሞ በሚቀመጥበት ደጋ ግን ይህ ወጪ የሚታለፍ አይደለም። እርከኖቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ከፍታቸው እየጨመረ የሚሄደውም ለዚሁ ሲባል ነው፤ የስታዲየም ወለል በቁመቱ ተቆርጦ ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ወደ ላይ የሚታጠፍ ቀስት ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቅ ውሳኔ የመሮጫ መም ይኑረው አይኑረው የሚለው ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚመከረው የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። ባለ 8 መስመር፣ 400 ሜትር ዙር ያለው መም ሲከበው ርዝመቱ 177፣ ስፋቱ 92 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከግቡ ጀርባ የተቀመጠ ተመልካች ከግብ መስመሩ ቢያንስ በ36 ሜትር ይርቃል፤ ከጎን ያለው 12 ሜትር ብቻ። የእግር ኳስ ወዳጆች መሙን የሚጠሉት ለዚህ ነው፤ በአውሮፓም ብዙ ከተሞች ከስታዲየሞቻቸው አንስተውታል። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን መሙን ማንሳት ስሕተት ነው እላለሁ። የአበበ ቢቂላ የትውልድ መንደር ጃቶ ያለችው በዚሁ በሸዋ ደጋ ነው፤ ሯጮች ጎሕ ሲቀድ በአስፋልት ዳር ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ በሚለማመዱበት አገር መም ቅንጦት አይደለም። ይልቅ ከግቡ ጀርባ ያለውን መቀመጫ ቀንሶ ሁለቱን ጎኖች ማብዛት ይሻላል።

ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጋው ከሰዓት በኋላ ግብ ጠባቂው ፀሐይ በዓይኑ እንዳትገባ ነው። ዋናው ትሪቡን ደግሞ በምዕራብ በኩል ይደረጋል፤ ተመልካቹ ጀርባውን ለምትጠልቀው ጀንበር ይሰጣል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ጣሪያ ያለውን ክፍል ሕዝቡ «ጥላ ፎቅ» ብሎ መሰየሙ የዋጋውንም የክብሩንም ልዩነት በሁለት ቃል ይናገራል። ከውጭ የመጣ ንድፍ ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ በእኛ ኬክሮስ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሃያዎቹ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። ጥላው ለደቡብ ፀሐይ ብቻ ከታሰበ በዓመት አራት ወር ተኩል ያህል አይሠራም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች፤ ነፋስም በእኩል ፍጥነት ቢነፍስ የሚያሳርፈው ጫና በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይህ ግን ጣሪያን አቅልሎ ለመሥራት ምክንያት ሊሆን አይገባም። የስታዲየም ጣሪያ ከፊት ምሰሶ የለውም፤ ምሰሶ እይታ ይጋርዳልና ሙሉ ክብደቱ ከኋላ ተይዞ ወደ ሜዳው እንደ ክንፍ ይዘረጋል። ነፋስ ደግሞ ክንፍን ከሚጫነው ይልቅ ወደ ላይ ያነሳዋል። ስለዚህ የኋላው መልሕቅ ሁለት ነገር መቻል አለበት፦ ጣሪያው እንዳይወድቅም፣ እንዳይበርም። የደጋው ፀሐይ ጨረርም ጠንካራ ነው፤ ተራ የፕላስቲክ ወንበር ቀለሙ ነጥቶ ይሰነጠቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ፈተናው ያለው ከመሬት በታች ነው። እነዋሪና ሌሎች የሰሜን ሸዋ ሜዳማ አካባቢዎች የሚታወቁበት ዋልካ አፈር ገበሬው እንደሚያውቀው በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ግንባታ በየዓመቱ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ስታዲየም ደግሞ ረጅም ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲነሳ ሌላው ባለበት ቢቀር አርማታው ይሰነጠቃል። መፍትሔው ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና በደንብ መጠቅጠቅ፣ ወይም መሠረቱን እስከ ዓለት ማውረድ ነው። መቀመጫዎቹም በየክፍሉ ተለያይተው ይሠራሉ፤ በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ብርድና ሙቀት ሲፈራረቁ አርማታው የሚንቀሳቀስበት ነው። ሜዳውም ቢሆን በዋልካ ላይ ሣር ከመዝራት አይገኝም፤ ከሥር ቱቦ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋማ አፈር ይደረደራል። ሰርዶ ውርጭ ሲመታው ይጠወልጋልና በኅዳርና በታኅሣሥ የሚደረግ ጨዋታ ብርድ የሚችል የሣር ዝርያ ይፈልጋል።

ሰውን ማስገባት ቀላል ነው፤ በደህና ማስወጣት ግን ንድፍ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1971 በግላስጎው አይብሮክስ ስታዲየም ጨዋታ አልቆ ሲወጡ አንድ ደረጃ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 66 ሰዎች ሞተዋል። የብሪታንያ መመሪያ ሰዉ በ8 ደቂቃ ውስጥ ከመቀመጫው ክፍል እንዲወጣ ያዛል፤ በአንድ ሜትር ስፋት ባለው ደረጃ ላይ በደቂቃ 66 ሰው እንደሚያልፍም ያሰላል። በዚህ ስሌት 10,000 ተመልካች በደረጃ ለማስወጣት በድምሩ 19 ሜትር የሚሆን የደረጃ ስፋት ያስፈልጋል። በሩ ሁሉ ወደ ውጭ መከፈት አለበት፤ በጨዋታ ሰዓት የሚቆለፍ በር ጭራሽ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

እነዚህ ነገሮች የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆኑ አገራችን በመራራ መንገድ ተምራለች። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው በአዲስ አበባ በገዛ ሕዝቧ ፊት ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ግን ባለሜዳ የሆነችው በማላዊ ሊሎንግዌ ነው፤ የካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) መመዘኛ ያሟላ ስታዲየም አገር ውስጥ አልነበረማ። ያን የመሰለ ድል የራሱ ሕዝብ በቴሌቪዥን ብቻ ማየቱ ያንገበግባል። በክልል ከተሞች የተገነቡት ትልልቅ ስታዲየሞች ብዙዎቹ አርማታቸው ቆሞ ጣሪያና ወንበር ሳይገጠምላቸው ዓመታት አሳልፈዋል። ተቆጣጣሪ ደግሞ የሚጠይቀው የመልበሻ ክፍሉን፣ የፓውዛውን ብርሃን፣ የሣሩን ጥራት፣ የተመልካቹን ወንበር ነው። ለደብረ ብርሃን ዓይነት ከተማ 60,000 ሰው የሚይዝ ያላለቀ አርማታ ከሚቆም፣ 15,000 ሰው የሚይዝ የተሟላ ስታዲየም ቢሠራ እመርጣለሁ።

ቦታውም ከተገኘ ተዳፋትን መጠቀም ወጪ ይቀንሳል፤ መቀመጫው በምሰሶ ፈንታ በመሬቱ ላይ ያርፋል። በፖርቱጋል ብራጋ ከተማ ለ2004 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ዋንጫ የተሠራው ስታዲየም በድንጋይ ካባ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ በአንደኛው ግብ ጀርባ ያለው ተመልካች ሳይሆን ገደል ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን በድንጋይ የሚገነባው ብርድን ለመከላከል ነው፤ የስታዲየሙ የውጭ ግድግዳም በዚሁ ጥቁር ድንጋይ ቢገነባ ነፋሱን ይሰብራል፣ ቀለም ቅቡልኝም አይልም። የጣሪያው ውኃም መባከን የለበትም። በዓመት ወደ 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ከተማ 5,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 4.5 ሚሊዮን ሊትር ያርፋል፤ ከመቀመጫው ሥር በሚሠራ ጉድጓድ ቢጠራቀም ሣሩን በበጋ ያጠጣል።