«ቀሪ» ማን ነው? የተቆለፈው ጤና ኬላ ጉዳይ

ሰሞኑን አንድ የተቆለፈ የጤና ኬላ ፎቶ ስልኬ ላይ ሦስቴ ደረሰኝ። ከሥሩ «አቦ፣ ደመወዝ እየበሉ ሁሌ ቀሪ!» የሚል ጽሑፍ አለው። ፎቶው ላይ የሚታየው ጓጉንቸር ብቻ ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሳ አይናገርም። ቀኑንም አይናገርም።

በድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች የጤና ኬላዎችን ሥራ ለመከታተል ለዓመታት ሱፐርቪዥን ወጥቻለሁ። በእኛ ሥራ ቀሪ የሚባለው በዚያ ቀንና ሰዓት፣ በዚያ ቦታ መገኘት ሲኖርበት ያልተገኘ ባለሙያ ነው። «መገኘት ሲኖርበት» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ጤና ኬላ ላይ የሚመደቡት ባለሙያዎች ከሥራ ጊዜያቸው 75 በመቶ ያህሉን ቤት ለቤት እንዲያሳልፉ ነበር የታሰበው። ጓጉንቸሩ ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚነግርህ ሥራ ላይ መሆናቸውን ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ተራው ላይ ስታጣ «ሹፌሩ ቀረ» ትላለህ እንዴ? ሰው ጭኖ ሄዷል ነው የምትለው። ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ቤንዚን ወረፋ ላይ የዋለ ባጃጅ አለ፤ እሱ ስብሰባና ሥልጠና ላይ የዋለው ባለሙያ ነው። አልቀረም፣ ተሳፋሪም አልጫነም። ተራው ላይ ቆሞ ሹፌሩ ጥላ ሥር ጫቱን ይዞ የተቀመጠም አለ። እሱ ደግሞ ጠዋት ፈርሞ ቀትር ሳይሞላ ከተማ የሚገባው ባለሙያ ነው። የፊርማ መዝገቡ ላይ «ተገኝቷል»፤ ፎቶ አንሺውም አይደርስበትም። ምሳሌው የሚበላሸው ገንዘቡ ላይ ነው። ባጃጁ ካልጫነ ራት የለም፣ ደመወዝ ግን በወር መጨረሻ ይገባል።

አንድ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ ኬላ ደረስኩ። ዝግ ነው። በሩ ላይ በቁስል ፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ጽሑፉን ፀሐይ በልቶታል። ፎርሜ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፦ አለች፣ የለችም። «የለችም» ላይ ምልክት አድርጌ ወደ መኪናው ስመለስ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ስትመጣ አየኋት። ጫማዋ አሸዋ በአሸዋ ሆኗል። «ሰባት ሕፃን ከትቤ ነው የመጣሁት» አለችኝ፣ ቁልፉን ከአንገቷ እያወለቀች። አብራት የተመደበችው የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። ምልክቱን ሰረዝኩት። አምስት ደቂቃ ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ሁለቱም በሪፖርቴ ቀሪ ነበሩ።

ቀሪ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ያውም ብዙ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የስድስት አገሮች ጥናት ሳይነገር በተደረገ ጉብኝት 35 በመቶ የጤና ባለሙያዎች ቦታቸው ላይ እንዳልተገኙ አሳይቷል። ይህን ቁጥር እየጠቀሰ «ከሦስት አንዱ ሰነፍ ነው» የሚለኝ ሰው አለ። በመጀመሪያ ኢትዮጵያ ከስድስቱ አንዷ አልነበረችም። ሁለተኛ፣ በፈቃድ የቀረውም እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል።

ይኸው ሰው መፍትሔም አለው፦ «የአሻራ ማሽን ይተከል።» ሕንድ ውስጥ ኡዳይፑር በተባለ አካባቢ ይህን የሚመስል ነገር ሞክረዋል። ነርሶቹ በማሽን ሰዓታቸውን እንዲመዘግቡና ከቀሩ ከደመወዝ እንዲቆረጥባቸው ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መገኘት ጨመረ። ከዚያ አለቆቹ «የተፈቀደ ቀሪ» የሚሉትን ቀን ያበዙት ጀመር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ማሽን ካልገባባቸው ቦታዎች ጋር የነበረው ልዩነት ጠፋ። ማሽኑ ላይ ቀሪ አይታይም፣ በሽተኛው ግን ነርስ አያገኝም። አሻራው እኛ ጋ ቢመጣም መጀመሪያ የሚለመደው የፈቃድ ወረቀቱ ነው ብዬ እፈራለሁ።

ሳልጠየቅ ጥቂት ነገር ልጨምር። ሰው ያልተቀጠረበት ክፍት መደብ ቀሪ አይደለም፤ ሪፖርት ላይ ግን ሁሌ ይቀላቀላል። ጤና ጣቢያ ላይ ሌሊቱን ዱቲ ያደረች አዋላጅም ጠዋት ተኝታ ብትገኝ ቀሪ አይደለችም። አንድ ጉብኝት ደግሞ ስለ አንድ ሰው ምንም አይነግርህም። ጠዋት የሄደና ከቀትር በኋላ የሄደ ሱፐርቫይዘር ስለ አንድ ኬላ ሁለት ዓይነት ሪፖርት ይዘው ይመለሳሉ። ክረምት ላይ ጎርፍ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀሪው ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ነው።

ፎቶ ላኪውን ባገኘው የምጠይቀው ኬላው ፊት ፍየል የሚጠብቀውን ልጅ አናግሮት እንደሆነ ነው። እሱ ሁሉን ያውቃል። «ዛሬ ክትባት ወጥታለች» ይልሃል። ወይም ደግሞ «ሐሙስ ሐሙስ አትመጣም» ይልሃል። ሁለተኛውን ሲነግረኝ ነው እኔ ፎርሜን የማወጣው።