"ሳይቃጠል በቅጠል" እና የኪሪባቲው አኖቴ ቶንግ

ይቺን አባባል ሁላችንም እንላታለን፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ሰው ለመውቀስ ነው። ምስሏ የሳር ቤት ሰፈር ነው። እሳቱ ገና ሲጀምር እርጥብ ቅጠል ይዘህ ብትመታው ይጠፋል፣ ጣራው ላይ ከወጣ ግን ሰፈሩ በሙሉ ውሃ ቢያመላልስም አይመልሰውም። ስለዚህ "ቶሎ በል" ብቻ አይደለም የምትለው፣ አቅምህ ትንሽ ከሆነ ነገሩም ትንሽ እያለ ድረስበት ነው የምትለው።

በዚህ ትርጉሟ እኔ የማስበው የኪሪባቲን የቀድሞ ፕሬዝዳንት አኖቴ ቶንግን ነው። ኪሪባቲ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች 33 ደሴት ያላት ድሃ አገር ነች፣ ከባናባ ደሴት በስተቀር ኮረብታ እንኳን የላትም፣ አብዛኛው መሬት ከባህር ወለል በላይ ሁለት ሶስት ሜትር ቢሆን ነው፣ ባህሩ ሲሞላ ጨው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ባባይ የሚሉትን ስራስርም ያበላሽባቸዋል።

ቶንግ በ2003 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ምርጫ ያሸነፈው የገዛ ወንድሙን ሃሪ ቶንግን ነው፣ ያውም በጠባብ ልዩነት። አባቱ ቻይናዊ ስደተኛ ነበር፣ እሱ ግን ስልጣን በያዘ በወራት ውስጥ ለታይዋን እውቅና ሰጠና ታይዋን የኔ ናት የምትለው ቻይና በዋና ከተማዋ ታራዋ የነበራትን የሳተላይት መከታተያ ጣቢያ ነቅላ ወጣች። በዚህ ብቻ ቢቆም ብዙ ሰው ስሙንም አያውቀውም ነበር።

ትልቁ ስራው ከዛ በኋላ ነው። "ስደት በክብር" የሚል ፖሊሲ አመጣ፣ ማለትም ባህሩ እየጨመረ ስለሄደ ህዝቡ አንድ ቀን መውጣቱ ካልቀረ ድንኳን ውስጥ እርዳታ የሚጠብቅ ስደተኛ ሆኖ ሳይሆን ሙያ ይዞ ይውጣ ነው ነገሩ፣ ለዛም ወጣቶች አውስትራሊያ ሄደው ነርሲንግ ይማሩ ነበር። በ2014 ደግሞ ሌላዋ የፓስፊክ ደሴት አገር ፊጂ ውስጥ ቫኑዋ ሌቩ ደሴት ላይ 20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት መንግስቱ ገዛ፣ ለእርሻም ይሁን ለክፉ ቀን። ብክነት ነው ብለው የተቹት ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን አልስማማም፣ ውሃው ቤት ከገባ በኋላ መሬት ልግዛ የሚል መንግስት ዋጋ የመደራደር አቅም አይኖረውም። የኪሪባቲ ክፍል በሆኑት ፊኒክስ ደሴቶች ዙሪያም ከ400 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ባህር ጥብቅ ክልል አደረገ፣ በ2010 ዩኔስኮ መዘገበው፣ ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮም የንግድ አሳ ማስገር ተከለከለበት፣ የአሳ ማስገር ፈቃድ ዋና ገቢዋ ለሆነ አገር ይሄ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ግን እሳቱን፣ ማለትም ባህሩን ከፍ የሚያደርገውን የአለም ሙቀት መጨመር፣ የለኮሰው ኪሪባቲ አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው አባባሏ የምትከብደው። ቶንግም ይሄን ያውቅ ነበር፣ በ2015 ከፓሪሱ የአየር ንብረት ጉባኤ በፊት ለአለም መሪዎች ደብዳቤ ጽፎ አዲስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መክፈት ይቁም አለ። የጠየቀው ያለውን ዝጉ ሳይሆን አዲስ አትክፈቱ ብቻ ነው፣ እሱንም ትልልቆቹ ከሰል አምራቾች አልተቀበሉትም።

ህገ መንግስቱ ከሶስት ዙር በላይ ስለማይፈቅድ በ2016 ወረደ። የተካው ታኔቲ ማማው ስለ መውጣት ማውራቱን ትቶ እዚሁ እንልማ አለ፣ በ2019 ለታይዋን የተሰጠውን እውቅና ትቶ ከቻይና ጋር ግንኙነቱን መለሰ፣ በ2021 ደግሞ መንግስቱ የፊኒክስን ባህር ለአስጋሪዎች መልሼ እከፍታለሁ አለ። ገቢ ስለሚያስፈልጋቸው ይገባኛል፣ ሰው አገሬን አልለቅም ማለቱም መብቱ ነው፣ ግን በነርሲንጉ የተጀመረው መንገድ እና የፊጂው መሬት ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ለኪሪባቲ ቤተሰቦች ምርጫ የሚባል ነገር አናወራም ነበር።