«ጫማውማ ስጦታ ነው!»

በዋሽንግተን አካባቢ ለወገኖቻችን የግብር ሰነድ በመሙላት እተዳደራለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2021 የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ ሠርተው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው ለኮሌጅ የሚሮጡላቸውና የሚጫወቱላቸው ወላጆች በየዓመቱ ያንኑ ስህተት ይዘውልኝ ይመጣሉ። ዘንድሮ ትዕግሥቴ አለቀ።

«የፈቀደው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው።» አይደለም። ፍርድ ቤቱ ጁን 21 ቀን 2021 በዘጠኝ ዳኞች ሙሉ ድምፅ የወሰነው ከትምህርት ጋር ስለተያያዙ ጥቅሞች ነው። ስለ ማስታወቂያ አልወሰነም። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ በአሥር ቀን ውስጥ በሩን የከፈተው ያ ውሳኔ ስላስደነገጠው፣ የክፍለ ግዛቶች ሕግም ከኋላ ስለገፋው ነው። በ2019 ቀድማ ሕጉን ያወጣችው ካሊፎርኒያ ናት።

«ኮሌጁ ደመወዝ ይከፍላቸዋል።» ማስታወቂያ ሌላ፣ የኮሌጅ ክፍያ ሌላ። በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ፈቃደኛ የሆነ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል። የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ወደ አሜሪካ እግር ኳስና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። የእኛ ልጆች ግን በብዛት ሯጮች ናቸው።

«ሁሉም ሚሊየነር ሆነዋል።» የሉዊዚያናዋ ጂምናስቲከኛ ኦሊቪያ ደን ሆናለች። የጎረቤትዎ ልጅ አልሆነም።

«ድሮ ጨዋነት ነበር፤ ገንዘብ ስፖርቱን አበላሸው።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች የድሮውን ጨዋነት ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር። ጄረሚ ብሉም የበረዶ ሸርተቴ ኦሊምፒያን ነበር፤ ከሸርተቴው በሚያገኘው የማስታወቂያ ገንዘብ ምክንያት በ2004 በኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ እንዳይጫወት ታገደ። በ2017 ደግሞ አንድ የፍሎሪዳ ተጫዋች ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ እየለቀቀ ገንዘብ በማግኘቱ የመጫወት መብቱን አጣ። አሰልጣኞቹ በዚያው ዘመን ሚሊዮኖች ይከፈላቸው ነበር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «ሕጉ ለሁሉም ተማሪ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣውም ይሠራል።» ተዉ! የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ የሚገዛው በስፖርት ማኅበሩ ደንብ ብቻ አይደለም፤ የኢሚግሬሽን ሕግ አለበት። ያለ ፈቃድ መሥራት የተማሪነት ሕጋዊ መብቱን ያሳጣዋል። ካናዳዊው ዛክ ኢዲ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ኮከብ ሲባል የቡድን ጓደኞቹ የሚሠሩትን ማስታወቂያ መሥራት አልቻለም፤ ምክንያቱ ቪዛው ነበር። ኮንጓዊው ኦስካር ሺብዌ በ2022 ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ ማስታወቂያውን እዚያ ሠርቶ ተመለሰ፤ ከአሜሪካ ምድር ውጭ ስለሆነ። እንግዲህ አክስቱ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ «ኑ ብሉ» የሚል ቪዲዮ የሚሠራው የእኛ ልጅ ምን ይሁን? «ገንዘብ እኮ አልወሰደም፤ ምሳ ብቻ ነው» ይሉኛል። ምሳም ክፍያ ነው። ልጁ ከመፈረሙ በፊት የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይጠይቅ፤ ከዚያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ልጅ ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ እሱንም በከንቱ የሚያስፈራሩ አሉ።

የመጨረሻውና አንጀቴን የሚያቃጥለው፦ «ግብር የለውም፤ ስጦታ ነው።»

ባለፈው መጋቢት አንድ አባት ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ልጃቸው የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ናት፤ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያዋን ግማሽ ይሸፍንላታል። አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር 4,200 ዶላር ከፍሏታል፤ 900 ዶላር የሚያወጣ ጫማና ልብስም ሰጥቷታል።

«ገንዘቡን ጻፊው፤ ጫማውማ ስጦታ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስጦታ ከሆነ ለምን ሦስት ቪዲዮ አሠሯት?»

ዝም አሉ። በሥራ ምትክ የተሰጠ ዕቃ በገበያ ዋጋው ገቢ ነው። ልጅቱ የመደብሩ ተቀጣሪ ስላልሆነች ግብር የቀነሰላት የለም፤ በሕግ ዓይን የራሷን ሥራ የምትሠራ ነጋዴ ናት። ድምሩ 5,100 ዶላር ሆነ። የገቢ ግብሯ ዜሮ መጣ፤ አባት ፈገግ አሉ። ከወጪ ቀሪ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ያገኘ ግን ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚውለውን 15.3 በመቶ ራሱ ይከፍላል፤ የሚሰላው ከትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው። 720 ዶላር ገደማ ወጣባት። ፈገግታው ጠፋ። ገንዘቡ ደግሞ በጫማና በስልክ አልቋል።

ስለዚህ ከሚገባው ገንዘብ ሩቡን ለብቻ አስቀምጡ። ለልምምድም ለማስታወቂያም የወጣውን ደረሰኝ ሁሉ አትጣሉ፤ የቱ እንደሚቀነስ እኔ እለያለሁ። ድርጅቱ የገቢ ቅጽ ባይልክም ገቢው ገቢ ነው። የዓመቱ ዕዳ 1,000 ዶላር የሚደርስ ከመሰለ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 ቀን እየከፈሉ መሄድ ይሻላል። በቤተሰብ ገቢ ማነስ የሚሰጥ የትምህርት ድጎማ ካለም በዚህ ገቢ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል፤ ከመፈረም በፊት አስሉት።

አባት ፈርመው ወጡ። ከበሩ ግን ተመለሱ።

«የውሃ ኮዳም ሰጥተዋታል። እሱም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል፣ ጋሼ።»