ኦፒዮይድ ማስታገሻዎች በጎጃም

ሞርፊን፣ ኮዴን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒልና ትራማዶል ኦፒዮይድ የሚባሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሄሮይንም ከዚሁ ዘር ነው። ጎጃም ውስጥ ስሙ የሚነሳው ግን ትራማዶል ነው፤ ያቺ ባለ 50 ሚሊግራም እንክብል።

ሞርፊን ኦፒየም ከሚባለው የተክል ደረቅ ወተት ተነጥሎ የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን ውስጥ ነው።

አንጎላችን ኢንዶርፊን የሚባል የራሱ ማስታገሻ አለው። መድኃኒቱ የሚያርፈው ኢንዶርፊን በሚያርፍባቸው ተቀባዮች ላይ ነው። እነዚህ ተቀባዮች አንጎል፣ ሕብለ ሰረሰርና አንጀት ውስጥ ሞልተዋል። ስለዚህ የሕመም መልእክት መንገድ ላይ ይዳከማል። የደረሰውም ቢሆን አያስጨንቅም፤ ታማሚው ሕመሙ እንዳለ ያውቃል፣ ግን ግድ አይሰጠውም። ዶፓሚን የሚባለው የደስታ ስሜት የሚያመጣ የአንጎል ኬሚካልም ስለሚጨምር ደስ ደስ ይላል። ይህ ከጫት ምርቃና ይለያል፦ ጫት ያነቃል፣ ይሄኛው ያፈዛል።

ሰውነት ሲለምደው የቀድሞው መጠን አይበቃም። ድንገት ከተቋረጠ ማዛጋት፣ እንባና ንፍጥ፣ እንደ በረደው ሰው የቆዳ ፀጉር መቆም፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። መድኃኒቱ የሚያመጣው የሆድ ድርቀት ግን ቢለመድም አይለቅም፤ የዓይን ብሌንም እንደጠበበ ይቀራል።

ኮዴንን ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ትራማዶልንም ያው ኢንዛይም ያበረታዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህን ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ደጋግመው ይዘው ተገኝተዋል። ጥናቱ ጎጃሜን ለይቶ ያየ አይደለም፤ ግን ጂኑ ሲበዛ ኢንዛይሙም ስለሚበዛ፣ አንዱን የማይነካው መጠን ሌላውን ሊጥለው ይችላል።

ገዳዩ ነገር ትንፋሽ ነው። አንጎል ግንድ ውስጥ ያለው የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ይደነዝዛል፣ ሰውየው መተንፈስን የረሳ ይመስላል። በላዩ የደምበጫ አረቄ ከተጨመረ ሁለቱ ተደጋግፈው ያፍኑታል። ለዚህ ነው ሞርፊን ከተሰጠ በኋላ ነርስ ሰዓት ይዞ የታማሚው ደረት ሲነሳ ሲወርድ አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚቆጥረው። ጤነኛ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል።

ማርከሻው ናሎክሶን ነው። ኦፒዮይዱን ከተቀባዩ ላይ ገፍቶ ያስነሳዋል፣ ሰውየውም በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። በትራማዶል ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ትራማዶል በሌላ መንገድም ይሠራልና፣ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ደግሞም ናሎክሶን አብዛኛውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ የነቃው ሰው ተመልሶ ሊያሸልብ ይችላል። ለዚህ ነው «ድኛለሁ» ብሎ ቢነሳም ወደ ቤቱ የማይሸኘው።